ጣለ ወይ?

የካቲት ከገባ ወዲህ ከአባዬ ጋር የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው። እኔ ደብረ ብርሃን፣ እሱ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። ሰላምታው ሳያልቅ «ጣለ ወይ?» እለዋለሁ።

«ደመናውስ ይመጣል። እንግዳ ሆኖ ይሄዳል እንጂ» ይለኛል።

ዝናብ ሲባል ብዙ ሰው ክረምትን ብቻ ነው የሚያስበው። የእኛ አገር ከፍታው 3000 ሜትር ያልፋል። ክረምት ላይ ማሳው ውሃ ይቋጥራል፣ በረዶ ይወርዳል። ከዚያ የተረፈውን ገብስ የጥቅምት ውርጭ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። እኛን ያሳደገን የበልግ ገብስ ነው፤ በየካቲት ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይታጨዳል።

በልግ ድሮም ያታልል ነበር፤ አባዬ ራሱ ይህን አይክድም። አሁን ግን ሲታመን ነው የሚገርመው። በ2007 ዓ.ም. ጭራሽ ቀረ። አባዬ ዘራ፣ በቀለ፣ ደረቀ። ጎተራ ጠርጎ ደገመ። እሱም ደረቀ። ክረምቱን ስንጠብቅ ደግሞ ዝናብ የሚያሳጣው ኤልኒኖ መጣ። በግ ለመሸጥ ገበያ ወጣን፤ አገሩ ሁሉ በግ ይዞ ወጥቷል። የዚያን ቀን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል።

ያኔ የተረፈን ጓሳ ነው። አባቶች ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ቄሮ በሚሉት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት ደጋ። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው፣ ከብት የሚተርፈው በእሱ ነው። ውሃውንም ይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚለቀው እሱው ነው።

ለጓሳ የምሰጋው በሌላ ነው። 1000 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ፣ የድሮውን ብርድ ለማግኘት 170 ሜትር ያህል መውጣት ያስፈልጋል ማለት ነው። ገብሱም ይወጣል፣ ሞፈሩም ይከተለዋል። ጓሳ ጫፉ 3700 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አይጥ እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከዚያ በላይ የት ይሂድ? በአገር ደረጃ እንኳ የቀረው ከ500 አይበልጥም።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ስልክህ ስለ ሐሙስ ምን ይላል?» አለኝ።

«ስልሳ በመቶ ይዘንባል ይላል።»

«አርባውስ?»

መልስ አልነበረኝም።

ሐሙስ ጠዋት ደወልኩ። ያነሳችው እማዬ ናት።

«በሬ ጠምዶ ወጥቷል» አለች።

«ጣለ እንዴ?»

«ኧረ ጠብም አላለ።»