ከፊት የሚመጣን መኪና ፍጥነት ዓይኔ እንደማይለካ የተረዳሁበት ቀን

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር መሪ አያያዝ፣ ማርሽ አቀያየርና አቋቋም በጥቂት ሳምንታት ገቡኝ፤ በእነርሱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ማንም ያላስጠነቀቀኝ፣ ሌላው ተሽከርካሪ በምን ፍጥነት እየመጣ እንደሆነ በዓይን መገመት ምን ያህል አታላይ እንደሆነ ነው። አሰልጣኜ ስለ መቅደም ያስተማሩኝ «ስፖኪዮ ተመልከት፣ ፍሬቻ አሳይ፣ ከፊት የሚመጣው ሩቅ ከሆነ ቅደም» የሚለውን ብቻ ነበር። «ሩቅ» ስንት ሜትር እንደሆነ እርሳቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬ በሁለታችንም አዝናለሁ።

ፈቃዱን ካገኘሁ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በአንድ ቀጥ ያለ ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ የጭነት መኪና ኋላ ነበርኩ። ከፊት አንዲት ትንሽ መኪና ትታየኛለች፤ አተኩሬ ባያትም የቆመች ያህል ነበር። ወጣሁ። የጭነት መኪናው ወገብ ላይ ስደርስም ያው ትንሽ ነበረች፤ ከዚያ በድንገት እየሰፋች መጥታ ፊቴን ሞላችው። ፍሬን ልያዝ ወይስ ነዳጅ ልስጥ ብዬ በማመንታት ያባከንኩት ጊዜ አሁንም ያንገበግበኛል። የጭነት መኪናው ሾፌር ፍጥነታቸውን ቀንሰው ቦታ ባይለቁልኝ፣ የምትመጣዋም ወደ መንገዱ ዳር ባትወጣ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 1.8 ሜትር ስፋት ያላት መኪና በ400 ሜትር ርቀት ላይ ከእይታችን የምትይዘው ሩብ ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ200 ሜትር ግማሽ ዲግሪ፣ ማለትም ሙሉ ጨረቃን የምታህል፤ በ100 ሜትር አንድ ዲግሪ፣ በ50 ሜትር ሁለት። ሁለታችንም በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ብንነዳ በየሰከንዱ 50 ሜትር እንቀራረባለን፤ ስለዚህ ከ400 እስከ 200 ሜትር ባሉት አራት ሰከንዶች መልኳ የሚሰፋው በሩብ ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ ከ100 እስከ 50 ሜትር ባለችው አንዲት ሰከንድ ግን በሙሉ ዲግሪ ይሰፋል። ፊት ለፊት የሚመጣ ነገር ወደ ጎን ስለማይንቀሳቀስ ፍጥነቱን በዋናነት የሚነግረን ይህ መስፋት ነው፤ እርሱም ጎልቶ የሚታየው መመለሻ ሲጠፋ ነው።

ስለዚህ «የሚመጣውን ፍጥነት ገምታችሁ ቅደሙ» የሚለውን የተለመደ ምክር አልቀበለውም። እኔ ፍጥነቱን መገመት ትቻለሁ፤ ሁልጊዜ በፍጥነት እየመጣ ነው ብዬ እነሳና ርቀቱን ብቻ እጠይቃለሁ። መቅደሙ 10 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ ከላይ በተሰላው ፍጥነት 500 ሜትር ይበላል፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ካላየሁ አልወጣም። ሞተር ብስክሌት ሲሆን ደግሞ ትርፉን እጨምራለሁ፤ ጠባብ ስለሆነ ካለበት የራቀና ዘግይቶ የሚደርስ ይመስላል፣ በሌሊትም አንድ መብራት ብቻ ስላለው እየተራራቁ የሚታዩ ሁለት መብራቶች አይኖሩም።

መስቀለኛ መንገድ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የምፈራው በፊት መስታወቴ ላይ እየተንሸራተተ የሚያልፈውን ሳይሆን፣ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚሰፋውን መኪና ነው፤ ሁለታችንም እንዲሁ ከቀጠልን የምንጋጨው ከእርሱ ጋር ነውና። በፊት መስታወቱና በበሩ መካከል ያለው ምሰሶ እንዲህ ያለውን መኪና እስከ መጨረሻው ሊሸፍነው ስለሚችል፣ ጭንቅላቴን ወደፊትና ወደኋላ ሳላንቀሳቅስ አልገባም።

ዓይኔን ያረምኩት ከጭነት መኪና ኋላ ሳልቀድም በመቁጠር ነው። «አሁን እወጣ ነበር» ባልኩበት ቅጽበት እጀምርና የሚመጣው መኪና አጠገቤ እስኪያልፍ ሰከንድ እቆጥራለሁ፤ በእውነት እየቀደምኩ ቢሆን ፍጥነቴ ስለሚጨምር ጊዜው ከቆጠርኩትም ያጥር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ 10 ሳልደርስ መኪናው አልፎኝ ይሄድ ነበር።