ጀማሪ ስፖርተኛ የሚያቆመው ሲርበው ነው

መስከረም ሲጠባ የሰፈራችን ጂም በአዳዲስ ሰዎች ይሞላል። ጥቅምት ሲጋመስ ግን መስታወቱ ፊት የሚቀሩት አምና የነበሩት ብቻ ናቸው። ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል፤ «ሐበሻ ጅማሬ እንጂ ፍጻሜ የለውም» እያለ የሚተርትም አይጠፋም። እኔ ግን ያቋረጡትን ቀረብ ብዬ ሳነጋግር ከስንፍናው ይልቅ ርኃቡ ጎልቶ ይታየኛል፤ አብዛኞቹ ስፖርት የጀመሩት መብላት ባቆሙበት ሳምንት ነውና።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሄደችበት መንገድ የብዙ ጀማሪ መንገድ ስለሆነ በፈቃዷ ላንሣው። ቁርሷን በባዶ ሻይ ተካች፣ ምሳዋን ወደ ግማሽ እንጀራ አወረደች፣ እራትን ጨርሶ ተወች፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ በሳምንት አምስት ቀን ጂም መግባት ጀመረች። ከሥራ መልስ ማሽኑ ላይ ስትወጣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። በመጨረሻ «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» አለችና ተወችው። ጉልበት ያሳጣት ያልበላችው ምሳ ሆኖ ሳለ ጥፋቱን በተፈጥሮዋ ላይ ጣለችው። ከቀረችበት ስፖርት ይልቅ ይህ አነጋገሯ አሳስቦኛል፤ እንዲህ ብሎ የደመደመ ሰው ሌላ ጊዜ ለመሞከር እንኳ ይከብደዋል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን እችላለሁ» ብሎ የሚተማመነው ከአራት ነገሮች በመነሣት መሆኑን አስረድቷል። ከሁሉ የሚበረታው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር ነው፤ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሠራ ማየት፣ የሌሎች ማበረታቻ፣ እንዲሁም የገዛ ሰውነቱ የሚሰጠው ስሜት ደግሞ ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። የተራበ ጀማሪ ከእነዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያጣል፤ አቅም ስለሌለው የጀመረውን አይጨርስም፣ የልቡን መምታትና የእግሩን መንቀጥቀጥም የድክመቱ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ለጀማሪ በራስ መተማመን የሚጀምረው ከማእድ ቤት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥ በዓይን አይታይም። በዚያ ወቅት ኃይል የሚጨምረው በዋናነት አንጎልና ነርቮች ያለውን ጡንቻ አቀናጅተው ማዘዝ ስለሚማሩ ነው፤ ጡንቻው የሚገዝፈው ቆይቶ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ምንም ሳያሳይ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን ጎንደር ሁላችንም የምናውቀው ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን፣ ማለትም ሙሉ 20 ኪሎ፣ ከበር እስከ ማእድ ቤት ሲወሰድ ቀለል ማለት ይጀምራል። ይህን ያስተዋለ ሰው አንድ የተሳካለት ነገር በእጁ ያዘ ማለት ነው። ከልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ድረስ የሚበረታው የጡንቻ ሕመም ደግሞ ላልለመደው እንቅስቃሴ የሚሰጥ የተለመደ ምላሽ ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ወይም የደረት ሕመም ግን ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ወደ ገበታው ስመጣ፣ ጂም አካባቢ «የፕሮቲን ዱቄት ካልገዛህ ልፋትህ ከንቱ ነው» የሚለው ወሬ ያናድደኛል። ጤናማ አዋቂ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጡንቻውን አዘውትሮ ለሚያሠራ ሰው ደግሞ ከ1.2 ግራም ጀምሮ ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 72 ግራም ይሆናል። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም፣ ያው መጠን ሽምብራ ወደ 20 ግራም፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። ፕሮቲን የሚገነባው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ጥራጥሬ ከእነዚህ ላይሲን የተባለው ሲበዛለት ሜቲዮኒን የተባለው ያንሰዋል፤ እህል ደግሞ በተገላቢጦሽ ስለሆነ አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ይህን ስሌት ሳይሠሩ ሽሮን በእንጀራ ማቅረባቸው ለዛሬ ጀማሪ ትልቅ ስጦታ ነው።

ችግሩ ያለው መጠኑ ላይ ነው። ሁለት እንጀራ ይነጠፍና መሐሉ ላይ ቀጠን ያለ ሽሮ በአንድ ጭልፋ ይፈስበታል፤ ሽሮው ወደ እንጀራው ዓይኖች ሰርጎ ሲያልቅ ቀሪው እንጀራ በበርበሬ እየተጠቀሰ ይበላል። ሆድ ይሞላል፤ ጡንቻን የሚጠግነው ግን እዚያ ሳህን ላይ እምብዛም የለም። አንዱን እንጀራ አንሥቶ፣ ዱቄት ጨመር በማድረግ ሽሮውን ወፈር አድርጎ፣ ከጎኑ ምስር ወይም አዚፋ፣ እንዲሁም ከእንጀራው የማያንስ ቦታ የሚይዝ ጎመን ማቅረብ ወጪው ከአንድ ቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለ እንጀራው ራሱም አንድ ነገር ልጨምር፤ ነጭ እንዲሆን ብለን ጤፉን ከፎገራ በሚመጣው ሩዝ ስናበዛው መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን ጤፍ የታወቀበት ብረትና አሰር ይቀንሳል። የደምቢያን ዳጉሳ መቀላቀሉን እመርጣለሁ፤ ጠቆር ማለቱ እንግዳ ካልመጣ በስተቀር ማንንም አያስቀይምም።

ብረትን ካነሣሁ ቡናን ማለፍ አልችልም። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ከጥራጥሬና ከጎመን የምናገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ ገበታው ሳይነሣ ረከቦቱ መቅረቡ በተለይ ለሴቶች ጉዳት አለው። አቦሉን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ መጨመር ብረቱ እንዲዋሐድ ይረዳል። ቡናውን ይተዉ የምል ሰው አይደለሁም፤ ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ምክር ጎረቤት ያሳጣል።

ጾምም ቢሆን ስፖርት ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ከዚያም ውጭ ረቡዕና ዓርብ አሉ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዷን ወር አላቸው። እስከ ከሰዓት ወይም እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ከመብላቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ከበላ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ማለዳውን ለዝግታ እርምጃ ይተወው። ለፆሙም ለልምምዱም የሚመቸው በሶ ነው፤ በውኃ የተመታ በሶ ወይም አንድ ጭብጦ ሆድ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል። ሽምብራ የተቀላቀለበት የገብስ ቆሎ፣ አሹቅ፣ ስልጆና ተልባም አሉ። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከዕፅዋት ስለማይገኝ በፍስክ ወራት እንቁላል፣ ወተት፣ አይብና ሥጋ እንደየአቅም መብላት ያስፈልጋል።

በራስ መተማመንን የሚሸረሽር ሌላም ነገር አለ፤ የሰፈር አፍ። ክብደት መቀነስ የጀመረች ሴት ገበያ ስትወጣ የሚጠብቃት ሰላምታ «አንቺ ልጅ፣ ከሳሽ እኮ! አመመሽ እንዴ?» የሚል ነው። ክፋት የለበትም፤ መክሳት የበሽታና የችግር ምልክት ሆኖ ለኖረበት ትውልድ ይህ አሳቢነት ነው። «ደኅና ነኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ይበቃል። በሩጫ ልብስ ዳገት ስወጣ ሕፃናቱ «ደራርቱ! ደራርቱ!» እያሉ ይከተሉኛል። በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ልብ ታሞቃለች፤ ለጀማሪ «እኔም እችላለሁ» የሚያሰኘው ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቁስቋም በሚወስደው ዳገት ሳታቋርጥ የምትራመድ የዕድሜ እኩያው ነው። ባንዱራ የሚመስለንን ሰው ማየት ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጂም ውስጥ ጓደኛ የምትመርጡ ከሆነ ከእናንተ ሦስት ወር የቀደመውን ምረጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ይመክራል። መጠነኛ ማለት እየተራመዱ ማውራት እየተቻለ መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ባለች ዳገታም ከተማ ፈጠን ያለ እርምጃ እዚያ ለመድረስ ይበቃል፤ ከቆላ ለመጣ ሰውማ ትንፋሹ ቶሎ ቢቆራረጥ የአየሩ መሳሳት እንጂ የእርሱ ድክመት አይደለም። ከቤት መውጣት በማይመችባቸው ቀናት ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሣት ይቻላል።

ደብተር መያዝ ለሚወድ ሰው የምመክረው ክብደቱን ሳይሆን የሠራውን እንዲጽፍ ነው፤ ስንት ጊዜ ከወንበሩ እንደተነሣ፣ ዳገቱ ላይ የቱ ጋ እንዳረፈ፣ ከልምምዱ በፊት ምን እንደበላ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙዎች ባዶ ይተዉታል፤ እግር የከበደበት ቀን ምክንያቱ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ሚዛን ላይ መውጣት ያሰኘው በወር አንድ ቀን ጠዋት ከቁርስ በፊት ይውጣ፤ ያ ቀን የፋሲካ ማግስት ባይሆን ይመረጣል።