ሰማዩን በጭልፊት መለካት

ጣና ዳር ወፍ ማየት ለጀመረ ሰው ሐይቁ ራሱ ያሰንፋል። ፔሊካኑ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ መጥቶ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃል፣ አባ ኮዳውም ከሰው እግር ብዙም አይርቅም። ስልክ ማውጣት፣ ፎቶ ማንሳት፣ አለቀ። እኔም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ቆየሁ። ዘንድሮ ግን መስከረም ከጠባ ወዲህ ለራሴ ሌላ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ፦ ክረምቱ ሲወጣ ከሰሜን የሚመጡትን አዳኝ ወፎች አንድ በአንድ መለየት። ባሕር ዳር ውስጥ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ሽቅብ የሚያይ ሰው ካያችሁ እኔ ነኝ።

እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። እንግዳውን ከመፈለግ በፊት የሰፈሩን ጭልፊት (ጭላት የምትሉትም አላችሁ) ጠንቅቆ ማወቅ። እሱን ለማጥናት ጫካ መግባት አያስፈልግም፤ ሥጋ ቤት ደጃፍ ማኪያቶ ይዞ መቀመጥ ይበቃል። ባለሥጋ ቤቱ ጮማና ጅማት ሲወረውር ከየት መጣ ሳይባል ይወርዳል፤ መሬት አይረግጥም፤ በእግሩ ይነጥቅና ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ደጋግሜ ያየሁት። እየበረረ እግሩን ወደፊት ይዘረጋል፣ አንገቱን ያጎነብሳል፣ ሥጋውን እዚያው አየር ላይ እየቦጨቀ ይበላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጭራው አያርፍም። ጫፉ ሹካ መሳይ ነው፤ ለመታጠፍ ሲፈልግ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያጣምመዋል፣ ክንፉን ሳይመታ ቀበሌውን ይዞራል። ምንቃሩ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቢጫ ነው።

ይህን ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ በእሱ ይለካል። ከጭልፊት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ጭራው ሹካ ነው ወይስ ክብ? ክንፉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ሽቅብ የተነሣ? አራተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አያስፈልገኝም። ቀለምን መጨረሻ ላይ ነው የማየው፣ ምክንያቱም ፀሐይ ከወፉ በላይ ከሆነች ሁሉም ጥቁር ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ራሱ ጭልፊት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ ጥቁር ጭልፊት አለ፤ የኛው ወንድም ይመስላል፣ ግን ምንቃሩ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ላይ ብቻ ቢጫ ነው፣ ጭንቅላቱም ነጣ፣ ግራጫ ግራጫ ይላል። የኛው ታዳጊ ጭልፊትም ጥቁር ምንቃር ስላለው በምንቃር ብቻ መፍረድ አይቻልም። ጭንቅላቱን አጥርቼ ካላየሁ ማስታወሻዬ ላይ «ጭልፊት» ብዬ አልፋለሁ።

ስለ ቦታና ሰዓት ትንሽ ላብራራ፣ ብዙዎቻችሁ ውኃ ዳር ቆማችሁ ሰማዩ ባዶ ነው ስለምትሉ። ንስርና በዛርድን (ከንስር የሚያንስ አዳኝ ወፍ ነው) የመሰሉ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ረጅሙን መንገድ ክንፍ እየመቱ አይዘልቁትም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሣውን ሙቅ አየር ይይዛሉ፣ በእሱ ላይ እየተሽከረከሩ ይወጣሉ፣ ከላይ ሆነው ክንፋቸውን ዘርግተው ወደሚቀጥለው ይንሸራተታሉ። ውኃ ደግሞ እንደ የብስ ቶሎ አይሞቅም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውኃ ስለሆነ ቀን ላይ በመካከሉ የሚያነሣቸው አየር አያገኙም፤ የብሱን ተጠግተው ያልፋሉ። ስለዚህ ሐይቁን ትቼ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በኩል ወይም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ክፍት ማሳ እሄዳለሁ። ጠዋት 1 ሰዓት መሄድ ለትንንሾቹ ነው እንጂ ለንስር አይሆንም። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ጭልፊቶቹ መሽከርከር ሲጀምሩ ሙቁ አየር ተነሥቷል ማለት ነው። ያኔ ጭልፊቶቹ መሐል በባይኖኩላር እገባለሁ፤ አንዱ ከሌሎቹ ጎልቶ፣ ክንፉ ሳንቃ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ላባዎቹ እንደ ጣት ተዘርዝረው ከታየ ንስር ነው።

በጥቅምት አጋማሽ እንደዚህ ባለ ሽክርክሪት ውስጥ ያየሁት የስቴፕ ንስር ወጣት ስለነበር ብዙ አላለፋኝም። ወጣቱ ከክንፉ ሥር በርዝመቱ የሚሄድ ሰፊ ነጭ መስመር አለው፤ ሲያድግ ይጠፋል። አብረውት ከሚዞሩት ጭልፊቶች ጋር ሳስተያየው የክንፉ ስፋት አስገረመኝ። ይህ ወፍ የሚራባው ከደቡብ ሩሲያና ከካዛኪስታን እስከ ሞንጎሊያ ባለው የሣር ምድር ነው። በመጸው ወደኛ የሚመጡት ብዙዎቹ በዓረብ ልሳነ ምድር አድርገው በባብ ኤል መንደብ ይሻገራሉ፤ ጠባቡ ባሕር እዚያ ጋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች መዝግበዋል፤ አብዛኞቹ የስቴፕ በዛርድና የስቴፕ ንስር ነበሩ። ወደ ሰሜን ሲመለሱ ደግሞ ብዙዎቹ በሌላ መንገድ፣ በግብፅ ስዌዝ በኩል ነው የሚሄዱት። ዛሬ የስቴፕ ንስር በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ነው፤ ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ የሚያርፍበት የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው።

ንስር ትልቅ ስለሆነ ይወደሳል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እኔን የያዘኝ ሃሪየር የሚባለው አዳኝ ወፍ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ፣ እንፍራንዝ ወንዝ ዳር ደንገሉ የበዛበት ረግረግ አለ። ሃሪየር እዚያ ሽቅብ አይወጣም፤ ደንገሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ክንፉን ሽቅብ በሰያፍ ይዞ ይንሳፈፋል፣ ሁለት ሦስቴ ይመታል፣ እንደገና ይንሳፈፋል፣ ድንገት ዞሮ ጭራውን ዘርግቶ ይወድቃል። ፊቱ ዙሪያ የጉጉት ዓይነት ክብ ላባ አለው፤ ሣር ውስጥ የሚንኮሻኮሽ አይጥ ድምፅ የሚያጠምድበት ነው። ደንገል የሚያጭዱ አንድ አባት ባይኖኩላሬን አይተው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ሳሳያቸው «አዬ ልጄ፣ እሷን ነው? ለመስቀል ትመጣለች፣ ለፋሲካ የለችም» አሉኝ። ባይኖኩላሩን ሰጥቻቸው ትንሽ አይተው መለሱልኝ፤ ያለሱም ጥሩ አድርገው ያዩ ነበር።

ደንገሉ ላይ በብዛት ያለው የረግረግ ሃሪየር ነው። ሴቷ ጥቁር ቡናማ ሆና ጭንቅላቷ የቅቤ ቀለም ስላለው ለጀማሪ አታስቸግርም። ከግጦሹና ከማሳው በላይ የሚያልፉት ቀጫጭኖቹ ናቸው የሚያደክሙት። ወንዶቹ ነጣ ያሉ ግራጫ ናቸው፤ ክንፉን ከላይ ስታዩት ጥቁር ዘንግ የሚያቋርጠው የሞንታጉ ሃሪየር ነው፣ ዘንግ የሌለውና ጫፉ ላይ ብቻ ጠበብ ያለ ጥቁር ያለበት ፈዛዛው ሃሪየር ነው። ሴቶቹ ሁለቱም ቡናማ፣ ጭራቸው ሥር ነጭ፤ እነሱን ስም ሳልሰጥ «ሃሪየር፣ ሴት» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን ማድረግ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ አይፈር፤ ከግምት ባዶ ይሻላል።

አዳኞቹን ስጠብቅ መሬት ላይ የማያቸው ትንንሾቹ ናቸው። ከብት በተሰማራበት የሐይቅ ዳር መስክ ላይ፣ ከላሞቹ እግር ሥር ጭራዋን የምትወዘውዝ ቢጫ ሆድ ወፍ አታጡም፤ ቢጫዋ ዋግቴይል ናት። አንዷ ላይ ብቻ አትቁሙ፣ ጭንቅላታቸውን እያያችሁ እለፉ። አንዱ ጭንቅላቱ ድፍን ጥቁር ነው፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ነጭ ቅንድብ አለው። ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው የሚለየው ከተለያየ የአውሮፓና የእስያ አካባቢ ስለሚመጡ ነው። አንዲት ላም እግር ሥር ሦስት አገር ማለት ነው። አንዷ 20 ግራም እንኳ በቅጡ አትሞላም፣ ሰሃራን ወይም የዓረብን በረሃ አቋርጣ ነው የመጣችው።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ ልመልስ፣ ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ፦ የመስቀል ወፍስ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ የሚላቸው፣ በመስከረም ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ሆነው ሣር ላይ የሚታዩት ወንዶች፣ የትም አልሄዱም ነበር። ዝናቡ ሣሩን ሲያደርስላቸው የመራቢያ ላባቸውን ይለብሳሉ፤ ከዚያ በፊት ድንቢጥ መሳይ ቡናማ ሆነው አብረውን ነበሩ። አደይ አበባ ሲረግፍ እነሱም ያወልቁታል፣ እኛም ጠፉ እንላለን።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። 8 ጊዜ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊሜትር የሆነ ባይኖኩላር ለሁሉም ይሆናል፤ 12 ጊዜ የሚያቀርበውን የገዛ ጓደኛዬ እጁ ሲንቀጠቀጥ ንስሩም አብሮ ይንቀጠቀጥበታል። መርሊን የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ለድምፅ ጥሩ ነው፣ ለሚያልፍ አዳኝ ወፍ ግን አይረዳም፣ ምክንያቱም እነሱ ዝም ብለው ነው የሚያልፉት። ባይኖኩላራችሁን ወደ ድልድይ፣ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ሰው ግቢ አታዙሩ። ጥበቃ ከመጣ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ ወፉን አሳዩት፤ ደስ ብሎት ሲያይ የቆየ አጋጥሞኛል።

ቀጣዩ የፎገራ ሜዳ ነው። ከሩሲያ በኩል የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች (እግራቸውና አንገታቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች) ወደ ኅዳር ሸሸርና ወለላ ረግረግ አካባቢ ይሰበሰባሉ፣ ቀን ማሳ ላይ ወድቆ የቀረ እህል ይለቅማሉ፣ ሲመሽ ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ለመመለሻቸው ሰዓት መድረስ ነው ሐሳቤ። ከወረታ በኩል ያላችሁ ሩዙ ታጭዶ እንደሆነ ንገሩኝ፤ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግም ካለ ባይኖኩላሩ አንድ ስለሆነ ተራ በተራ እናያለን።