አራት ድመት፣ አራት ሳህን

አመዴ ስትከሳ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርጅናዋን ነው። 11 ዓመቷ ነው፤ ለድመት ትልቅ ዕድሜ ነው። ጎረቤቴም «ተያት እቴ፣ ጊዜዋ ደርሶ ነው» አለችኝ። ምግብ አነሳት ብዬ እንዴት ላስብ? ለአራቱም ሳንባ ቀቅዬ በአንድ ሰፊ ትሪ አቀርባለሁ፣ ቡና ላፈላ ዞር እላለሁ፣ ስመለስ ትሪው ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል። ተበላ ብዬ አነሳዋለሁ። ማን በላው ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

አንድ ቅዳሜ ጧት መብራት ጠፍቶ ቡናውን በረንዳ ላይ በከሰል ሳፈላ ነው ነገሩን ያየሁት። ነብሮ ቀና ሳይል ይውጣል። ቁንዶ ከጎኑ ይሻማል። በዚያን ጊዜ አራስ የነበረችው ጨረቃ ሁለት ጉርሻ ወስዳ ወደ ልጆቿ ትሮጣለች። አመዴ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ጭራዋን እግሯ ላይ ጠቅልላ ታያለች። ጠብ የለ፣ ማጉረምረም የለ። ነብሮ አንዴ ቀና ብሎ አያት፣ እሷም ፊቷን አዞረች። በቃ። ሲጠግቡ መጥታ ትሪውን ላሰች።

እኛ ማዕድ ከብበን ያደግን ሰዎች ነን፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል እየሰማን። ድመት ግን ብቻዋን ታድናለች፣ የያዘቻትም አይጥ ለአንድ አፍ እንኳ አትበቃም፤ ምን ተካፍላ? አብሮ መብላት ለሷ ፍቅር ሳይሆን ጭንቀት ነው። ደካማዋ ተጣልታ ከምትበላ ትታ መሄድ ትመርጣለች። ጉልበተኛው ደግሞ እንዳይቀሙት እየተጣደፈ ይውጥና ምንጣፍ ላይ ይመልሰዋል። የነብሮን ትውከት ሁሌ የኮሶ ነው እል ነበር።

ትሪውን ሰቀልኩና የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አራት ሳህን አወጣሁ። ጠፍጣፋ ስለሆነ ጢማቸውን አይነካባቸውም። አመዴ ጓዳ ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ። ነብሮ በረንዳ። ጨረቃ ልጆቿ ካሉበት ካርቶን አጠገብ፤ የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ እጥፍና ከዚያም በላይ ስለሚያስፈልጋት በቀን አራት ጊዜ እሰጣት ነበር። ቁንዶ ማድ ቤት፣ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ። 20 ደቂቃ ጠብቄ የተረፈውን አነሳለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር፤ በየበሩ ጩኸት። በሦስተኛው ሳምንት ሳህን ሲንኳኳ እያንዳንዱ ወደ ቦታው ይሄዳል።

ምግቡንም አብሬ ለመቀየር ስነሳ ግን አጠፋሁ። ነብሮ ትሪው ላይ ሳንባ ቢሻማም፣ የለመደው ወንድሜ ከአዲስ አበባ የሚያመጣውን ደረቅ የድመት ምግብ ነው። ደረቁ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ እርጥቡ፣ ማለትም የተቀቀለው፣ ግን ከ70 በመቶ በላይ ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ ብዙ ስለማትጠጣ እርጥቡ ይሻላል ብዬ ደረቁን በአንድ ቀን አቋረጥኩበት። «ሲርበው ይበላል» አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አልነካም። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስደውል ተቆጣኝ፦ ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለቀናት ከጾመ የሰውነቱ ስብ ጉበቱ ላይ ይከማችና ሊገድለው ይችላል። ደረቁን መልሼ፣ በየቀኑ አንድ ማንኪያ እርጥብ እየጨመርኩ አንድ ወር ፈጀብኝ።

ያው ሐኪም የሳንባውን ውሃ ምን እንደማደርገው ጠየቀኝ። እደፋዋለሁ አልኩት። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፤ ድመት በሰውነቷ በበቂ ስለማትሠራው ከሥጋ ማግኘት አለባት፣ ካጣችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። የልቧ መድከም ከዚህ እጥረት ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሲቀቀል ደግሞ ወደ ውሃው ይወጣል። እኔ ለዓመታት ዋናውን ደፍቼ ገለባውን ነበር የማበላቸው! አሁን መረቁን በሙሉ እሰጣለሁ፣ ከሳንባው ጋር ልብም አስመዝናለሁ። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ ትንሽ ብቻ። ወጥ የነካው ነገር ጭራሽ ቀርቷል፤ ሽንኩርት ቢበስልም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ድርሻቸውን ቁሌቱ ሳይጀመር አነሳለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ጣጣው ሌላ ነው። እኛ የምንገዛበት ሥጋ ቤት ለ55 ቀን ይዘጋል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንደሚባለው ሽሮ አቅርቤ የምሞክራቸው አይደሉም። በደሴ ግን መፍትሔው መንገድ ተሻግሮ ነው፤ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ። መጀመሪያ ስሄድ አፈርኩ።

«ሐጂ፣ እንደምን አደሩ። ለድመቶቼ ሳንባ ነበር የፈለግኩት።»

«ታዲያ ድመቶችሽ ሰልመዋል በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ቁራጭ ልብ ሲተርፋቸው ያስቀምጡልኛል። ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሳንባም ራሳቸው ለይተው ያስቀራሉ፤ ውሻ ከበላው ትሉ ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል። አንዳንዴ ከሐይቅ ዓሣ ሲመጣ ቀቅዬ፣ እሾሁን በጣቴ ለቅሜ እቀላቅላለሁ።

ቀሪው ችግር ብርዱ ነው። የደሴ ጧት ሳህኑን በአምስት ደቂቃ ያቀዘቅዘዋል፣ ድመት ደግሞ ሽታው ካልመጣላት አትበላም። ከፍሪጅ የወጣውን በሁለት ማንኪያ ትኩስ መረቅ ለብ አደርገዋለሁ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የኔን ሰምታ ሳህኑን እስከ ምሳ ሰዓት ተወችውና ጉንዳን ወረሰው። 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድሽ አየሩ ሌላ አገር ነው፤ እዚያ ወዲያው መነሳት አለበት።

አመዴን በየአሥራ አምስት ቀኑ በዘንቢል አድርጌ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ባለሱቁ መጀመሪያ ላይ ስንት ልክፈልልሽ እያለ ይቀልድ ነበር። ስጀምር 2.4 ኪሎ ነበረች፣ በአራተኛው ወር 3.1 ደረሰች። ነብሮ የራሱን ጨርሶ ጓዳው በር ላይ ይቀመጣል። ሰሞኑን በሩን በመዳፉ ስቦ መክፈት ስለለመደ ሙቀጫ አስደግፌበታለሁ።