የኢታኖል ምድጃ እሳቱ ለምን ይደክማል?

«ኃይል የለውም» ተብሎ ጓዳ የተጣለ የኢታኖል ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው የነዳጅ ጣሳው ውስጥ በተጨመረው ኢታኖል፣ ማለትም አልኮል፣ ላይ ነው።

እዚህ የማወራው በጣሳ ስለሚሠራው ምድጃ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሴቶች ለማገዶ ብለው ሩቅ በሚሄዱበት በቀብሪበያህ የስደተኞች ካምፕ የተሞከረው ዓይነት። ጣሳው 1.2 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ውስጡ የማይቃጠል ቃጫ መሳይ ነገር ታጭቆበታል። አልኮሉን ቃጫው ስለሚጠጣው ጣሳው ቢገለበጥም አይፈስም። እንደ ድሮው የላምባ ምድጃ ፓምፕ አይመታለትም፤ የሚነደው ከጣሳው አፍ የሚወጣው ተን ነው። መቆጣጠሪያው አፉን በከፊል ሲሸፍነው እሳቱ ይቀንሳል፣ ሙሉ በሙሉ ሲደፍነው ይጠፋል።

አሁን እሳቱን ወደሚያደክመው፣ አልኮሉ ውስጥ ወዳለው ውሃ። ጥሩው አልኮል ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ) የሚወጣው፣ 95 በመቶ አካባቢ የሆነው ነው። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ሲሶው ገደማ ውሃ ነው፤ አረቄማ ከግማሽ በላይ። ሲነድ አልኮሉ ቀድሞ ይተናል፣ ውሃው ቃጫው ውስጥ ይቀራል። በላዩ ጥሩ አልኮል ቢጨመርበትም ከቀረው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይደክማል። ሰው ምድጃው ተበላሸ የሚለው ይሄኔ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ፈትኑት። ጀሪካኑን ከድናችሁ ራቅ አድርጉ፤ ደጅ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አልኮል ብረት ክዳን ላይ አፍስሱና ለኩሱት። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይ ጠፋ ብላችሁ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ነዶ ሲያልቅ ክዳኑ ደረቅ ሊሆን ከቀረበ ጥሩ ነው፤ ውሃ ተኝቶ ከቀረ አትግዙት። ሜታኖል የሚባለው ሌላ የአልኮል ዓይነት ግን በዚህ አይለይም፤ መርዝ ስለሆነ ምንጩን ከማታውቁት ሰው አትግዙ። ጣሳው ውሃ ከያዘ ደግሞ መፍትሔው ትዕግሥት ነው፦ አፉን ከፍታችሁ፣ እሳት በሌለበት ነፋሻ ቦታ፣ ለቀናት አድርቁት።

አሞላሉ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ትኩስ ጣሳ አይሞላም። ምድጃውን አጥፉ፣ ጣሳው በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ አውጡት፣ ከምድጃው ራቅ ብላችሁ ዘንበል አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ቅዱ። አፉ ላይ ፈሳሽ ብቅ ሲል በቃው፤ ትርፉን አንጠፍጥፉ፣ የፈሰሰውንም ጥረጉ። ነበልባል ባለበት ከጀሪካን መቅዳት እሳቱን ወደ ጀሪካኑ መጥራት ነው፤ ከባዱ ቃጠሎ የሚመጣው ከዚህ ነው። እሳት ከተነሳ አልኮል ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ብዙ ውሃ ያጠፋዋል። የላምባ እሳት ላይ ግን ውሃ አይደፋም።

ስለ ወጪው፦ አንድ ሊትር ኢታኖል 21 ሜጋጁል (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ሙቀት አለው፣ ላምባ 35 ገደማ፤ ስለዚህ ለእኩል ሙቀት ከላምባ የበዛ ኢታኖል ያስፈልጋል። ቢሆንም ፍጆታው ብዙ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ በተከደነ ድስት ሁለት ሊትር ለማፍላት ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ አልኮል ይበቃል። ለጀበናና ለሽሮ የሚያስመሰግን ነው፤ ጥላሸትም የለውም። እንጀራ ግን አትሞክሩበት፤ ነበልባሉ መሐል ላይ ስለሆነ የምጣዱ ዳር ሳይበስል ይቀራል።

አብስላችሁ ስትጨርሱና ጣሳው ሲበርድ አፉን በጎማ ክዳኑ ግጠሙት። አለበለዚያ አልኮሉ ሳይነድ ተንኖ ያልቃል።