በየትኛው ሀ?

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ካይዘን የሚሉት የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ የመሥሪያ ቤት ወግ የሆነበት ጊዜ። እኔም ሥልጠና ወስጄ፣ «ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት» እያልኩ ተመለስኩ። መጀመሪያ የወረድኩት መዝገብ ቤት ነው።

መዝገብ ቤቱን የያዙት እትዬ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው ተቀምጠዋል። ካቢኔቶቹ ላይ አንድ ጽሑፍ የለም። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት የፋይል ክምር አለ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ዝርክርክ ነው» አልኳቸው፣ በትሕትና መሰለኝ።

«ዝርክርክ አይደለም። ጉዳያቸው ያላለቀ ፋይሎች ናቸው። ገና ይተነፍሳሉ።»

አልሰማኋቸውም። የሠራተኛውን ሁሉ ስም ከፋይሎቹ ጀርባ ላይ አስለቅሜ ኤክሴል ላይ አስገባሁ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፣ በፊደል ተራ ተደረደረ። በሁለት ቅዳሜ ፋይሎቹን በዚያው ተራ አስቀመጥን። በየመሳቢያው መለያ ለጠፍን። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። «ከካይዘን በፊት» እና «ከካይዘን በኋላ» የሚሉ ፎቶዎች ኮሪደር ላይ ተሰቀሉ። አለቃዬ ከጎናቸው ቆሞ ሌላ ፎቶ ተነሣ። ያ ሁለት ቅዳሜ ሲሠራ የት እንደነበር አልጠየቅኩም።

በወሩ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጡረታ ሊወጡ የቅጥር ደብዳቤያቸውን ፈለጉ። ጋሽ ኃይሉ እንበላቸው። «ሀ» የሚለውን መሳቢያ ከፈትኩ። የሉም። ደግሜ አየሁ። የሉም። ሰውየው በር ላይ ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው ይጠብቃሉ። እትዬ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። ተሸነፍኩ።

«እትዬ፣ የጋሽ ኃይሉ ፋይል የት ይሆን?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «በየትኛው ሀ?»

«እ?»

«በሃሌታው ሀ ነው፣ በሐመሩ ሐ ነው፣ ወይስ በብዙኃኑ ኀ?»

ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። የቀለም ጥያቄ የምትመስል የጥፊ ጥያቄ ነበረች።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። በፊደል ገበታው ሃሌታው ሀ አንደኛ ነው፣ ሐመሩ ከለ በኋላ ይመጣል፣ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ከቸ ቀጥሎ ከነ በፊት። መታወቂያቸው ላይ «ሀይሉ» ነው፣ ፋይላቸው ጀርባ ላይ «ኃይሉ»። እኛ ስንጽፍ እንደመጣልን ነው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። እትዬ ሲደረድሩ በጆሯቸው ነው የደረደሩት፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ መሳቢያ። እኔ በዓይኔ ለየሁት። ፋይሉ አራተኛው ካቢኔት ታች ተገኘ።

ክምሩንም በኋላ ነው የገባኝ። ኖጉቺ የሚባል ጃፓናዊ የኢኮኖሚ ምሁር አለ። ፋይል አይመደብ ይላል፤ የተጠቀምክበትን በግራ ጫፍ መልሰህ ሰካው፣ የማይፈለገው እያደር ራሱ ወደ ቀኝ ይገፋል። እትዬ የነኩትን ከላይ ያስቀምጡ ነበር። ካይዘንም ከጃፓን፣ ይሄም ከጃፓን። እኔን ያሠለጠኑኝ ሰዎች ስለዚህኛው ትንፍሽ አላሉም።

በዓመቱ ምርጥ የካይዘን ቡድን ተብለን የምስክር ወረቀት ወሰድን። የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እትዬ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ኮሚቴው ሊጎበኝ ሲመጣ መለያዎቹ በሙሉ እንደተለጠፉ ነበሩ። አንዱ አባል «ኀ» የሚለውን መሳቢያ ሳበ።

ስድስት ስኒ፣ አንድ ረከቦትና ግማሽ ኪሎ ስኳር።

«እሱ እንኳ በቦታው ነው» አሉ እትዬ።