ድሮሴራዬ ስትተኛ

ሰሞኑን ድሮሴራዎቼ፣ ማለትም ነፍሳት የሚበሉት ተክሎቼ፣ ቢጫ እየሆኑ ነው። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች፣ ከዚያ ግንዱ፣ በመጨረሻም ትንኝ ይዞ የሚያስቀረው የሚያጣብቅ ጠብታ ሁሉ ይደርቃል። ላየው ሰው ተክሉ ሞቷል። እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ያለውን ሁሉ ወደ ታች አውርዶ አፈር ውስጥ ያለችውን ቱበር፣ ማለትም ትንሽ ድንች የምትመስለውን የምግብ ማከማቻውን፣ እያወፈረ ነው።

አብዛኞቹ ባለ ቱበር ድሮሴራዎች የምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ጥግ ልጆች ናቸው። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው በቀዝቃዛው ወቅት ነው፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ሙቀትና ድርቅ። ስለዚህ በዝናቡ ያድጋሉ፣ ያብባሉ፣ በጋ ሲገባ ከመሬት በላይ ያለውን ጥለው ይተኛሉ። የአምናዋ ቱበር ለእድገቱ አልቃ በየዓመቱ አዲስ ትተካለች። ለዚህ ነው ውሃ ቶሎ መቁረጥ የሚጎዳው። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ ከደረቀ አዲሷ ቱበር ሳትሞላ ትቀራለች።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማሰሮውን ከውሃ ሳህኑ ላይ አነሳዋለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ምን ያህል ይድረቅ የሚለው ላይ ግን ሰው ይጨቃጨቃል። አንዱ አመድ እስኪመስል ይላል፣ ሌላው ትንሽ እርጥበት ይኑረው ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። በተፈጥሮ ቱበሯ አሸዋው ውስጥ ጠልቃ ነው የምትቀመጠው፣ እዚያ ደግሞ ላዩ ቢቃጠልም ትንሽ ቅዝቃዜና እርጥበት አይጠፋም። አጭር ማሰሮ ፀሐይ ላይ ካስቀመጥከው ግን አፈሩ እስከ ታች ይግላል፣ ትንንሾቹ ቱበሮችም ተጨማደው ያልቃሉ። ስለዚህ ረጅም ማሰሮ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ጥላ። ከሁሉ የከፋው ሙቀትና ብዙ ውሃ አንድ ላይ ሲመጡ ነው፤ ያኔ ይበሰብሳሉ። ኦሪኩላታ የምትባለው ዝርያ ግን ትንሽ ትታገሳለች፣ እሷ የምሥራቅ አውስትራሊያና የኒውዚላንድ ናት፣ እዚያ በጋውም ያን ያህል ደረቅ አይደለም።

ቱበሮቹን አውጥተው እምብዛም እርጥበት በሌለው ፒት (ከረግረግ ተክል ብስባሽ የሚገኝ አፈር) ጠቅልለው በላስቲክ ከረጢት የሚያስቀምጡ አሉ። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ስንት እንደሆኑም ይቆጠራሉ። እውነት ለመናገር ግን ብዙዎቻችን የምንቆፍረው ማየት ስላማረን ነው፣ በተለይ ኤሪትሮራይዛ የምትባለው ዝርያ ቀይ ቱበር ሲወጣ ያምራላ! እኔ አፈር ልቀይር ካልሆነ አልነካቸውም። አርፎ መቀመጥን የመሰለ ከባድ ሥራ የለም።

ውሃ የምመልሰው ቀን ቆጥሬ አይደለም። ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ወይም ጫፏ ብቅ ስትል በዝናብ ውሃ እጀምራለሁ፣ የቧንቧ ውሃ ማዕድኑ ስለሚበዛ አይስማማቸውም። ብቅ ያላለ ማሰሮ ካለም አልደፋውም። አንዳንድ ቱበር አንድ ሙሉ ወቅት ዘሎ በዓመቱ ይበቅላል፣ ስለዚህ ስሙን ጽፌበት ከሌሎቹ እኩል ውሃ አጠጣዋለሁ።